ሃዞፕ ከተሠራ በኋላ ገለልተኛ ግምገማ ለምን?

ጥያቄ፦ «ድርጅታችን የሬዚን (ለቀለምና ለፕላስቲክ የሚሆን ሙጫ መሰል ጥሬ ዕቃ) ፋብሪካ ሊገነባ ነው። ሂደቱ በ50 ሊትር የሙከራ ሪአክተር (ኬሚካሎቹ የሚዋሃዱበት ጋን) ተፈትኖ ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። ዋናው ሪአክተር 12 ሺህ ሊትር ነው። ዲዛይኑን የሠራው ኮንትራክተር ሃዞፕ (የአደጋና የአሠራር ችግር ፍተሻ) አካሂዷል፤ የአፈጻጸም ዋስትናም ይሰጠናል። ቦርዱ ግን ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ገለልተኛ የባለሙያ ግምገማ ይደረግ ብሏል። ኮንትራክተሩ ‹ድርብ ወጪ ነው፣ ጊዜ ይበላል› ይላል። እውነት ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለን እንቅጠር?»

ምላሽ፦

ያስፈልጋል። ኮንትራክተሩም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። ገለልተኛ ግምገማ እየተባለ የሚከፈልበት ሥራ ብዙ ጊዜ እውነትም ድርብ ወጪ ነው። አንድ ቡድን ይመጣል፣ ሰነዱን ያገላብጣል፣ ስዕሉ ላይ የጎደለ ቁጥር ይለቅማል፣ ከዚያ «ዲዛይኑ በአጠቃላይ ተቀባይነት ያለው ነው» የሚል ወፍራም ጥራዝ ያስረክባል። ቦርዱ ያጸድቃል፣ ጥራዙም መደርደሪያ ያሞቃል። የምትገዙት ይህን ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

መግዛት ያለባችሁ ሌላ ነው። ዲዛይኑ የቆመባቸውን ቁጥሮች ራሱ አስልቶ የሚያይ፣ ያገኘውንም ገንዘቡን ለሚያጣው ወገን በቀጥታ የሚናገር ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ከሃዞፕ ልጀምር፤ ግራ መጋባቱ ያለው እዚያ ነው። ሃዞፕ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አይሲአይ በተባለው የእንግሊዝ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ የተወለደ ዘዴ ነው። ቡድኑ የፒ ኤንድ አይ ዲ ስዕሉን፣ ማለትም ቧንቧዎቹን፣ ቫልቮቹንና መቆጣጠሪያዎቹን የሚያሳየውን ስዕል ይዘረጋል፣ አንድ መስመር ይይዛል፣ ፍሰት ባይኖርስ፣ ቢበዛስ፣ ቢያንስስ፣ ወደ ኋላ ቢመለስስ እያለ ይጠይቃል። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ጠንካራ ዘዴ ነው። እኔ በበኩሌ ያለ ሃዞፕ የተገነባ ፋብሪካ አጠገብ መቆም አልፈልግም። ግን አንድ ነገር እንደ እውነት ተቀብሎ ነው የሚነሳው። ፋብሪካው በታሰበው ልክ ከሠራ ሁሉም ነገር ደህና ነው ይላል። ሞኖመሩ (ሬዚኑ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) በሰዓት 600 ኪሎ ይገባል ተብሎ ከተጻፈ፣ ሃዞፕ «800 ቢሆንስ? ቢቋረጥስ?» ይላል። «600 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?» አይልም። ይህን መጠየቅ የገምጋሚው ሥራ ነው።

የራሳችሁን ፋብሪካ እንውሰድ። ከ50 ሊትር ወደ 12 ሺህ ሊትር ሲኬድ ይዘቱ 240 እጥፍ ያድጋል። ቅርጹ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ቁመቱም ወርዱም የሚያድጉት 6.2 እጥፍ ገደማ ነው። ሙቀት የሚወጣው በግድግዳው በኩል፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ወደሚዞርበት የውጭ ሽፋን፣ ወደ ጃኬቱ ነው። የግድግዳው ስፋት ደግሞ የሚያድገው 39 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በትልቁ ሪአክተር ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ግድግዳ በትንሹ ከነበረው አንድ ስድስተኛ ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። በሙከራው ላይ ሪአክሽኑ በ80 ዲግሪ ሲካሄድ ጃኬቱ 65 ላይ ነበር፣ ሞኖመሩም በ2 ሰዓት ገብቶ አለቀ እንበል። የ15 ዲግሪ ልዩነት ሙቀቱን ለማውጣት በቅቷል ማለት ነው። በትልቁ ሪአክተር ያንኑ በ2 ሰዓት ለመሥራት ልዩነቱ ወደ 93 ዲግሪ መድረስ አለበት። ጃኬቱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ይሁን እንደ ማለት ነው። ከማቀዝቀዣ ማማ የሚመጣው ውሃ በአማካይ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ልዩነት 50 ብቻ ነው። ያኔ ሞኖመር የማስገቢያው ጊዜ ከ2 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ያውም ምንም መጠባበቂያ ሳይያዝ፣ ግድግዳው ሳይቆሽሽ፣ ሬዚኑ እየወፈረ ሲሄድ ሙቀት ማሳለፉ ሳይቀንስ ነው።

ይህን ለማስላት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ኮንትራክተራችሁም አስቦበት ይሆናል። ከሪአክተሩ ውጪ ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀት ማስተላለፊያ) ጨምሮ ወይም በሪፍለክስ ኮንደንሰር (ተኑን አቀዝቅዞ ፈሳሽ አድርጎ በሚመልስ መሣሪያ) ሙቀቱን እየወሰደ ሊሆን ይችላል። እሰየው። ግን የሽያጭ ዕቅዳችሁ ላይ «በቀን 3 ባች» (3 ዙር ምርት) ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ 3 የመጣው ከሙከራው 2 ሰዓት ነው ወይስ ከእንዲህ ዓይነቱ ስሌት? ሃዞፕ ቢበዛ «ማቀዝቀዣው ቢቋረጥስ?» ብሎ አንድ የሙቀት ማንቂያ ያስጨምራል። ማቀዝቀዣው ባይቋረጥም እንኳ እንደማይበቃ አይነግራችሁም። ትልቁ ኪሳራ፣ አንዳንዴም ትልቁ አደጋ፣ ያለው እዚህ ነው።

አደጋ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2007 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ውስጥ ቲ2 ላቦራቶሪስ የተባለ ትንሽ ድርጅት ሪአክተር ፈነዳ። 4 ሰው ሞተ፣ 32 ሰው ቆሰለ። የሚሠሩት የቤንዚን ተጨማሪ ነበር። ሂደቱ የተፈተነው በ1 ሊትር የላቦራቶሪ ዕቃ ነው። ከዚያ በቀጥታ ከ9 ሺህ ሊትር በላይ ወደሚይዝ ሪአክተር ተሸጋገሩ። ከመጀመሪያዎቹ 10 ባቾች 3ቱ ያልተጠበቀ ሙቀት አሳይተው ነበር። የአሠራር መመሪያውን አስተካከሉና ቀጠሉ። በ42ኛው ባች ላይ መጠኑን በአንድ ሦስተኛ ጨመሩ። የፈነዳው 175ኛው ነው።

የማቀዝቀዣ ውሃው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ተተኪ የለውም። ማቀዝቀዣው ሲከሽፍ ሙቀቱ ጨምሮ ወደ 200 ዲግሪ ተጠጋ። እዚያ ላይ ማንም ያልጠበቀው ሁለተኛ ሪአክሽን ተነሳ፤ ከግብዓቶቹ አንዱ የሆነው ሶዲየም ከሶልቨንቱ (ከማሟሟያው ፈሳሽ) ጋር መዋጋት ጀመረ። ግፊት ማስተንፈሻው ለዚያ ዓይነት ግፊት አልተሠራም ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት መርማሪ ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ በዲዛይኑ ጊዜ የተቀጠሩ አማካሪ መሐንዲሶች «ሃዞፕ ይሠራ» ብለው ነበር። መሠራቱን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ምክሩ ተሰጥቷል፤ ምክሩን ተቀብሎ «ይህን እኔ እፈጽማለሁ» ያለ ሰው ግን የለም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የግፊት ማስተንፈሻ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የእናንተ ገምጋሚ ሴፍቲ ቫልቩ በምን ታስቦ እንደተሰላ መጀመሪያ ቀን ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለእሳት ነው። ሪአክተሩ ከውጭ እሳት ቢከበው ምን ያህል ተን ይወጣል ተብሎ ይሰላል። ሬዚን ውስጥ ሪአክሽኑ ከቁጥጥር ሲወጣ ግን በቫልቩ የሚያልፈው ንጹህ ተን አይደለም። አረፋ የመሰለ፣ ፈሳሽና ተን የተደባለቀ ነገር ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ከእሳቱ ስሌት በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የአሜሪካ ኬሚካል መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 ዲየርስ የተባለ የምርምር ፕሮግራም የጀመረው ለዚህ ጉዳይ ነው። ስሌቱ የካሎሪሜትር (ሪአክሽኑ የሚያወጣውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) መረጃ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። የካሎሪሜትር ውጤት በሰነዳችሁ ውስጥ ከሌለ ገምጋሚው ገና ሥራ ሳይጀምር ትልቅ ነገር አገኘ ማለት ነው። የሚወጣው ነገር የት ይሄዳል የሚለውም አብሮ ይታይ። ጣሪያ ላይ ወደ ሰማይ የሚከፈት ቱቦ ከሆነ፣ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ሠራተኛው ላይ ይወርዳል።

ሌላው መስመር በመስመር ሲኬድ የሚያመልጥ ነገር፣ አንድ ምክንያት ብዙ ነገር አንዴ ሲጥል ነው። መብራት ጠፋ እንበል። የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፑ ይቆማል። ማማሰያውም ይቆማል። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ኮምፕረሰርም ይቆማል፤ አየሩ ሲያልቅ ቫልቮቹ በውስጣቸው ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ወደሚገፋቸው ቦታ ይሄዳሉ። አሁን ስዕሉ ላይ ሁለት ቫልቭ ብቻ ፈልጉ። የሞኖመሩ መግቢያ አየር ሲያጣ መዘጋት አለበት። የማቀዝቀዣ ውሃው ደግሞ አየር ሲያጣ መከፈት አለበት። ከሌላ ፕሮጀክት በተቀዳ ስዕል ላይ ሁለቱም «ይዘጋል» ተብሎ ተጽፎ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከዚያ ደግሞ የማማሰያው ነገር አለ። ማማሰያው ቆሞ ሞኖመር ከገባ አይቀላቀልም፤ ከላይ ወይም ከታች ይጠራቀማል። መብራት ሲመለስ ኦፐሬተሩ በቅን ልቦና ማማሰያውን ያስነሳል። የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይነሳበታል። «መብራት ሲመለስ ምን ይደረጋል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በቅደም ተከተል ተጽፎ መገኘት አለበት። በቃል «ኦፐሬተሮቹ ያውቃሉ» ከተባላችሁ አልተመለሰም።

ወደ ዋስትናው ልምጣ፤ ኮንትራክተሩ የተመካው በእሱ ነውና። የአፈጻጸም ዋስትና ጥሩ ነገር ነው። ግን ውሉን አውጥታችሁ ሦስት ነገር እዩ። ፋብሪካው የተባለውን ማምረቱ የሚፈተንበት የዋስትና ሙከራ ስንት ቀን ነው? በምን ዓይነት ጥሬ ዕቃ ነው? ባይሳካ የሚከፈላችሁ እስከ ምን ጣሪያ ነው? ብዙ ጊዜ ሙከራው የጥቂት ቀናት ነው፣ ጥሬ ዕቃው የተመረጠ ነው፣ ካሳው ደግሞ ከውሉ ዋጋ የተወሰነ እጅ ነው። ያጣችሁት ገበያ ውስጡ የለም።

ሙከራው ማጠሩ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳይ። ሶልቨንታችሁን በዲስቲሌሽን እያጠራችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ልገምት፤ ሬዚን ላይ የተለመደ ነው። በአንድ ባች 1,000 ኪሎ ሞኖመር ይገባል። በውስጡ 0.2 በመቶ የማይዋሃድና ከሶልቨንቱ ጋር አብሮ የሚተን ቆሻሻ አለ። 2 ኪሎ ማለት ነው። በሥርዓቱ ውስጥ የሚዞረው ሶልቨንት 3,000 ኪሎ ነው፤ በየባቹ 20 ኪሎ ተቀንሶ ይወገዳል፣ በአዲስ ይተካል። ያ 2 ኪሎ የሚወጣበት ሌላ በር ከሌለው መውጫው ይኸው 20 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶልቨንቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ውሎ አድሮ 10 በመቶ እስኪደርስ ያድጋል። በዋስትናው ሙከራ ወቅት 9 ባች ቢሠራ ገና 0.6 በመቶ ላይ ነው፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ከ150 ባች በኋላ 6 በመቶ አልፏል። ያኔ የምርቱ ቀለም ይቀየራል ወይም ሪአክሽኑ ይንቀራፈፋል። ዋስትናው ደግሞ ተፈርሞ አልቋል። በ50 ሊትሩ ሙከራ ላይ ይህ ለምን አልታየም? እያንዳንዱ ሙከራ በአዲስ ሶልቨንት ተሠርቶ ስለሆነ ነው። ገምጋሚው «በሙከራው ላይ ሶልቨንቱን ስንት ጊዜ መልሳችሁ ተጠቀማችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አልተጠቀምንም» ከሆነ ቦርዱ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

እንዲህ ዓይነቱ ጣጣ የእናንተ ብቻ አይደለም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1981 አዲስ ቴክኖሎጂ ይዘው የተገነቡ የፕሮሰስ ፋብሪካዎችን አጥንቶ ነበር። ወጪ ከግምቱ በላይ የሚንረው በአብዛኛው ቴክኖሎጂው ምን ያህል አዲስ እንደሆነና ግምቱ ሲሠራ ፕሮጀክቱ ምን ያህል እንደተብራራ ተከትሎ መሆኑን አሳየ። ፋብሪካው የታሰበለትን ያህል አለማምረቱ ደግሞ በንግድ መጠን ከዚህ በፊት ካልተሠራባቸው የሂደት ደረጃዎች ብዛት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ጠጣር ነገር፣ ዱቄትና ጥራጥሬ፣ የሚያስተናግዱት በተለይ ተቸግረዋል። ስለዚህ ቦርዱ ለኮንትራክተሩ አንድ ቀላል ጥያቄ ያቅርብ፦ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ በዚህ መጠን ሌላ ቦታ ያልተሠራ ደረጃ ስንት ነው? «ሁሉም የተለመደ ነው» የሚል መልስ ከ50 ሊትር ለመጣ ሂደት አይዋጥልኝም።

መቼ? አሁን። በተለይ የሪአክተሩ ግዢ ትዕዛዝ ከመውጣቱ በፊት። ስዕል ላይ ያለ ሪአክተር በእርሳስ ይስተካከላል፤ የታዘዘ ሪአክተር ግን በገንዘብ ነው። በወጪ ግምት ቋንቋ ካየነው፣ የኢንቨስትመንት ውሳኔ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ክላስ 3 በሚባለው ግምት ላይ ነው። በአሜሪካ የወጪ መሐንዲሶች ማኅበር ምደባ መሠረት ክላስ 3 ከታች ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ከላይ ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ኮንትራክተሩ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ያለ ወሰን ከሰጣችሁ፣ ክላሱን ይንገራችሁ። ክላስ 5 ከሆነ ከላይ እስከ 100 በመቶ ሊሄድ የሚችል ነው፤ በእሱ ላይ ገንዘብ አይለቀቅም። ከተቻለ ግምገማ ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ አንዴ የቁስና የሙቀት ሚዛኑ እንዳለቀ ባጭሩ፣ አንዴ ከውሳኔው በፊት በሙሉ። የመጀመሪያው አልፏችኋል፤ ሁለተኛውን አታሳልፉ። ለእናንተ ዓይነት ባለ አንድ ሪአክተር ፋብሪካ ከወር ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው፤ ሰነዱ ዝግጁ ከሆነ። «ጊዜ ይበላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰነድ ስለማይሰጥ ነው።

ማንን? ዕቃ የማይሸጥላችሁን፣ ይህን ሥራ ከኮንትራክተሩ ቀምቶ ራሱ መሥራት የማይፈልገውን፣ ክፍያውም በፕሮጀክቱ መጽደቅ ላይ ያልተንጠለጠለውን። ከፕሮጀክቱ ዋጋ በመቶኛ የሚከፈለው ገምጋሚ ከጅምሩ ወገን ይዟል። የሚቀጥረው ቦርዱ ይሁን፤ ሪፖርቱም በቀጥታ ለቦርዱ ይሂድ። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ በመሃል ገብቶ የሚያለሰልሰው ሪፖርት አይጠቅማችሁም። ይህ የእኔ ጥብቅነት ብቻ አይደለም። የደህንነት ቁጥጥር ሥርዓቶችን የሚመለከተው አይኢሲ 61511 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንኳ በተግባራዊ ደህንነት ምዘናው ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ ከዲዛይን ቡድኑ ውጪ የሆነ ልምድ ያለው ብቁ ሰው እንዲኖር ያስገድዳል።

ከድርጅቱ ስም ይልቅ ሰውዬውን እዩ። ጨረታው ላይ ሸበቶው ባለሙያ ይቀርባል፤ ሥራው ላይ ትናንት የተመረቀ ልጅ ይመጣል። ስም በስም ውሉ ላይ ይጻፍ። አንድ የፕሮሰስ ሰው፣ አንድ የግፊት ማስተንፈሻና የፕሮሰስ ደህንነት ሰው፣ አንድ የወጪና የጊዜ ሰሌዳ ሰው ይበቃችኋል። አራተኛ ከተቻለ፣ ሬዚን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሠራ ሰው። እሱ «ይህን ቫልቭ በሌሊት በየትኛው መሰላል ወጥቼ ነው የምዘጋው?» ይላል፤ ሌሎቹ አይሉም። ቃለ መጠይቁ ላይ እኔ የምወደው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደንበኛህን ‹ይህ ፕሮጀክት እንዳለ አይሂድ› ያልክበትን ጊዜ ንገረኝ።» ስም ሳይጠራ በዝርዝር የሚያወራ ጥሩ ነው። የሚያወራው ነገር የሌለው ወይ አዲስ ነው ወይ ሁሌ እሺ ባይ ነው።

ሰነድ አትቆጥቡበት። የዲዛይን መነሻ ሰነድ፣ የቁስና የሙቀት ሚዛን፣ ፒ ኤንድ አይ ዲ፣ የማስተንፈሻ ስሌቶች፣ የሃዞፑ ሪፖርት ካልተዘጉ ጉዳዮቹ ጋር፣ የወጪ ግምቱ ከነመነሻው፣ የዋስትናው ውል። ከሁሉም በላይ የሙከራው ጥሬ መረጃ፤ የከሸፉት ባቾች ጭምር። ሪፖርት ላይ የሚወጣው የተሳካው ነው፤ ትምህርቱ ያለው ግን ከከሸፈው ነው። ኮንትራክተሩ ምስጢር ነው ካለ የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈረም። ከዚያ በኋላም የካታሊስቱን (የሪአክሽን አፋጣኙን) ቅንብር ቢደብቅ ይግባኝ አልልም። የሪአክሽኑን ሙቀት፣ የሚወጣውን ጋዝና የቆሻሻ ወሰኖችን ግን መደበቅ አይችልም።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ ሳይስተካከል ገንዘብ አይለቀቅ» የሚሉት ብቻ ይጻፉ። «ቢስተካከል ጥሩ ነው» የሚሉት ወደ ኋላ ይሂዱ። ሁለቱን የቀላቀለ ሪፖርት ማንም አይከተለውም፤ ዋናው ነገር በቀለም ምርጫና በቧንቧ ቁጥር መሃል ይጠፋል።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ነጥብ ይኸው። እያንዳንዱ ግኝት ባለቤትና ቀን ይኑረው። ኮንትራክተሩ ለእያንዳንዱ በጽሑፍ ይመልስ፤ ወይ ይቀበል፣ ወይ ከነስሌቱ ይቃወም። «ታይቷል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ያልተዘጋ ግኝት ምን እንደሚያስከትል ማየት ለሚፈልግ የአውስትራሊያው ሎንግፎርድ አለ። የኤሶ የጋዝ ፋብሪካ ነው። ለዋናው ክፍል ሃዞፕ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. ለ1995 ታቅዶ ነበር። አልተሠራም። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1998 ሂት ኤክስቼንጀር ፈንድቶ 2 ሠራተኞች ሞቱ፣ 8 ቆሰሉ፤ የቪክቶሪያ ግዛት ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ጋዝ ቀረ። ዕቅዱ ነበረ፤ የተላለፈው ዕቅድ ወዴት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ኮንትራክተሩ ቅር ይለዋል ብላችሁ አትስጉ። ሥርዓት ካለው አይለውም። ረቂቁን ቀድሞ ይይ፤ የተሳሳተ ቁጥር ካለ ያርም። አስተያየቱን ግን አያርምም። ገምጋሚውም ልኩን ይወቅ። «ይህ ቱቦ አይበቃም፣ ስሌቱ ይኸው» ይበል እንጂ «8 ኢንች አድርጉት» አይበል። እሱ መጠን ከመረጠ ዲዛይነር ሆነ ማለት ነው። ነገ ችግር ሲመጣ ኮንትራክተሩ «እኔ አይደለሁም፣ የእናንተው ሰው ነው ያለው» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው። የዲዛይኑ ኃላፊነት ከኮንትራክተሩ እጅ እንዳይወጣ ይህን ነገር ውሉ ላይ በግልጽ አስፍሩት።

ግምገማው ያጸደቀው ደግሞ የተገመገመውን ስዕል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በግንባታ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ «ትንሽ» ለውጥ ከግምገማው ውጪ ነው። የእንግሊዙ ፍሊክስቦሮ ለዚህ የታወቀ ነው። ተከታትለው ከተደረደሩ 6 ሪአክተሮች 5ኛው ተሰነጠቀና ተነሳ። በቦታው ማለፊያ ቱቦ ተገጠመ። ክፍተቶቹ 28 ኢንች ነበሩ፤ የተገኘው ቱቦ ግን 20 ኢንች ነበር። ስዕሉ የተሠራው ወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። በወቅቱ ድርጅቱ የሜካኒካል መሐንዲሱን ቦታ አልተካም ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1974 ቱቦው ተለቀቀ፤ 28 ሰው ሞተ። ስለዚህ ከገምጋሚው ጋር ስትዋዋሉ፣ ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ቀናት ተመልሶ የተለወጠውን ብቻ እንዲያይ ጨምሩበት። ትንሽ ወጪ ነው፤ እኔ ብሆን የምቀንሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ያልጻፋችሁልኝ አንድ ነገር አለ፤ ሪአክተሩ ታዟል ወይስ አልታዘዘም? ከታዘዘ ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ገምጋሚው ከምንም በፊት የአምራቹን የሪአክተር ስዕል ይዞ ክዳኑ ላይና ታች ያሉትን ቀዳዳዎች ይቁጠር። ወደፊት የውጭ ሂት ኤክስቼንጀር ቢያስፈልግ መውጫና መግቢያ አለው? ማስተንፈሻው ቢያድግ ክዳኑ ላይ ቦታ አለ? አምራቹ ብረቱን ሳይቆርጥ ሁለት ትርፍ ቀዳዳ ማስጨመር በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሪአክተሩ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ማረጋገጫ ምልክቱ ከተመታበት በኋላ ግን ያንኑ ቀዳዳ ማውጣት እንደገና ብየዳ፣ እንደገና የግፊት ሙከራ፣ እንደገና ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለአምራቹ ደውሉና ብረት መቁረጥ የሚጀምርበትን ቀን ጠይቁ። የግምገማው የጊዜ ሰሌዳ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወጣል።